«ባስ ይጨመርበት?»

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ የመኪና ቴፕና ስፒከር የሚያበጅ አንድ ወጣት አለ። ሱቁ ከአንድ መኝታ ክፍል አይሰፋም፤ ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች በስፒከር ተሞልቷል። አሮጌዋን ቪትዜን ይዤ ሄድኩና ችግሬን አስረዳሁት። «ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይሰማም» አልኩት። ልጁ ነገሩ ይግባው አይግባው እንጃ፣ መልሱ ግን ዝግጁ ነበር።

«ችግር የለም ጋሼ። ባስ ይጨመርበት?»

ሳቄ መጣ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን፣ ግጥሙን አፉ ውስጥ እያላመጠ የሚያነብ ተማሪ ሲገጥመኝ «እባክህ ጥርት አድርገው» ስለው ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። አሁንም ያላምጠዋል፤ አሁን ግን እየጮኸ ነው። ጮክ ማለትና ጥርት ማለት ለየቅል መሆናቸውን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል። ለስፒከር ሠሪው ልጅ ግን ያን ያህል ጊዜ አልነበረኝም። «ቆይ፣ ላስብበት» ብዬው ወጣሁ።

ላስብበት ብዬ እንዳልቀር፣ ማሰቡ ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ለመሆኑ መኪናና የተቀረጸ ድምፅ በዚህ አገር እንዴት ተገናኙ?

የተቀረጸ ድምፅ የገባው ከመኪና ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታዋን በፎኖግራፍ ቀርጻ ላከች። ድምፄ በየሜዳው እንዳይቀር ብላ ይሆናል፣ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲሰበር አስደረገች። መኪና ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሁለቱን፣ ማለትም መኪናውንና ቀረጻውን፣ በአንድ ሰው እጅ ያገናኘው ግን ንግሥትም ንጉሥም አይደለም። ተሰማ እሸቴ የተባለ ቀልደኛና ባለቅኔ ወጣት ነው።

ተሰማ በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ፣ መኪና መንዳትና መጠገን ሊማር ጀርመን አገር ሄደ። እዚያ ሳለ ታዲያ ሞተር ብቻ ፈትቶ ገጥሞ አልተመለሰም። ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ያ ነው ይባላል። ኋላ ነጋድራስ የሆነው፣ የእግር ኳሱን ሰው የይድነቃቸውን የወለደው ተሰማ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የአገራችን የሸክላ ሙዚቃ ታሪክ የተጀመረው መኪና ሊማር በሄደ ሰው ነው። በዚያ ላይ ያ ሰው የቃል ሰው ነበር። አድማጩ የሚጠብቀው ዜማውን ብቻ ሳይሆን ሰሙንና ወርቁንም ነበር።

በፈረንጅ አገርም ቢሆን ሬዲዮ ከመኪና ጋር አብሮ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1930 ጋልቪን የተባለ አሜሪካዊ ሞቶሮላ የሚል ስም ሰጥቶ ለገበያ ያወጣው የመኪና ሬዲዮ ባለቤቱ ገዝቶ በኋላ የሚያስገጥመው ነበር። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር። ያኔ አንድ ደህና የፎርድ መኪና 540 ዶላር ያወጣ ነበርና የመኪናውን ዋጋ ሩብ ያህል ለወሬና ለዘፈን መክፈል ማለት ነው። ፋብሪካ የሰጠህን መኪና በኪስህ መጠን ለጆሮህ ማስተካከል የዛሬ የመናኸሪያ ልጆች ፈጠራ አይደለም ለማለት ነው። የመኪና ሬዲዮ ራሱ የተወለደው በዚያ መንገድ ነው።

ወደኛ እንመለስ። የመኪና መንገድ ዐባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ የደረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ በዚያ መንገድ የተመላለሱት እነ ትሬንታ ኳትሮ፣ ቆይተውም እነ ኤንትሬ ነበሩ። እነዚያን የፊያት የጭነት መኪኖች ያየ ሰው ሬዲዮ አላቸው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ሽቅብ የሚወጣ የናፍጣ ሞተር ጋቢና ውስጥ ቢዘፈን ማን ይሰማል? ሹፌሩና ረዳቱ የሚነጋገሩት በጩኸትና በእጅ ምልክት ነበር። ዘፈኑ የሚጀመረው ሞተሩ ሲጠፋ ነው፤ ደጀን ሻይ ቤት፣ ሉማሜ ጠላ ቤት፣ ማርቆስ አዝማሪው ቤት።

ይህን ያዙልኝ። በመኪና ውስጥ የድምፅ ትልቁ ጠላት ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ ሞተሩ፣ ጎማውና መንገዱ። ሦስቱም የሚያወጡት ወፍራም፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ሬዲዮ በተስፋፋበት ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው ይህ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ ጎን ለጎን ይደመጥ ነበር። የዚያን ዘመን ስርጭት በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ስለነበር ተራራ አይመልሰውም። ያሻክራል፣ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ነገር ግን ይደርሳል። የዛሬው ኤፍ ኤም ጥራቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ ግን የሚሄደው እይታ እስከሚደርስበት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ሸገርን ከፍቶ ይወጣል፣ ፍቼን ሲያልፍ ግን ሽሽሽ የሚል ነገር ይቀረዋል። አባቶቻችን በሻካራ ድምፅ ሙሉ ወሬ ይሰሙ ነበር፤ እኛ በጥሩ ድምፅ ግማሽ ወሬ እንሰማለን።

የጎጃምን መንገድ በእውነት የለወጠው ግን ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 አስተዋወቀ፤ መኪና ውስጥ የሚገጠመውን ማጫወቻ ደግሞ በ1968 አወጣ። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ሸክላው ገና መድመቁ ነበር። አምሃ እሸቴ የግል የሸክላ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1969 ጀመረ፤ ዓሊ ታንጎ ተከተለ። ሸክላ ግን መኪና ላይ አይሄድም። መርፌው በጉድጓድ ይዘላል። አብዮቱ ሲመጣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽቱ ሙዚቃ ተዳፈነ፤ ሸክላ ማተሙም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ አበቃ። ቦታውን ካሴት ወሰደው። ካሴት ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ እቤት ይገለበጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ይጫወታል። ሌሊቱን እላፊ ዘጋው፣ ቀኑን ግን የአውቶቡስ ሹፌር ከፈተው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኔ ያደግኩት በዚያ አውቶቡስ ነው። ከሉማሜ ማርቆስ፣ ሲያድለኝም ከማርቆስ አዲስ አበባ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል። የሹፌሩ ካሴቶች ክሩስኮቱ ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። የዐባይ በረሃ ፀሐይ አንዳንዱን ያጣምመዋል፤ ያ የተጣመመው ሲገባ ዘፋኙ የሚያለቅስ ይመስላል። ክሩ ሲጠላለፍ ረዳቱ በቢክ እስክርቢቶ ያጠነጥነዋል። ማጫወቻው ሲደፈን ደግሞ ጥጥ ሽቶ ነክሮ ጭንቅላቱን ይወለውለዋል። ይህ ሁሉ እንግዲህ የድምፅ ጥራት ማሻሻል ነው፤ በሽቶና በእስክርቢቶ።

ስፒከሮቹስ? ያን ጊዜ የነበሩትን ልብ ብሎ ላየ፣ ባለ ወረቀት ሸራ፣ ማግኔታቸው ትንሽ፣ ሹፌሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ያስበጃቸው ነበሩ። ከተሳፋሪው ራስ በላይ፣ አንዳንዴም በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ባስ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ግን ማሲንቆውም ድምፃዊውም ጆሮ ሥር ነበሩ። ማሲንቆና የሰው ድምፅ የሚኖሩት መካከለኛው የድምፅ ክልል ላይ ነው፤ ያ ስፒከር ከዚያ ክልል ውጭ ሌላ ነገር አያውቅምና ያለችውን ጉልበት እዚያው ላይ ያውላት ነበር። በሳይንስ ሳይሆን በድህነት፣ ለአማርኛ የተስማማ ስፒከር ነበረን።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ዘፈን አይደለም፤ መጽሐፍ ነው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ሹፌሮች ሬዲዮውን ከፍ ያደርጉት ነበር። የደራሲው የሐዲስ አለማየሁ ትውልድ እዚሁ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። ማንበብ የማይችለው የጎጃም ገበሬ ግን የራሱን አገር ታሪክ፣ የማንኩሳን የበዛብህንና የዲማዋን ሰብለ ወንጌልን ታሪክ፣ የሰማው ከራዲዮ ነው። የጎጃም መጽሐፍ በአየር ተጉዞ ወደ ጎጃም ተመለሰ። አውቶቡሱ ውስጥ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ይል እንደነበር እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን «ዝም በል፣ ሰውየው ይናገርበት» ስትል ሰምቻለሁ። ያቺ አንዲት ወረቀት ስፒከር አንድ ቃል ብትውጥ ኖሮ አርባ ሰው በተቆጣ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ተለወጠ፣ እላፊውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሩጫ ሁላችን የምናውቀው ነው። ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በፍላሽ፣ ፍላሹም በብሉቱዝ ተተካ። አይሱዙው መጣ፣ ቅጥቅጡ መጣ፣ ዶልፊኑ መጣ። በየመኪናው ወንበር ሥር ግን ሌላ እንግዳ ገባ፤ ትልቁ የባስ ሳጥን። ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ዘፈኑን በጆሮ ሳይሆን በሆድ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ዘፋኙ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ከብት ይናገር አይታወቅም፤ ደረት ግን ይመታል። የአንዱ ምርጫ የሁሉ ግዴታ መሆኑ ድሮም ነበር። ልዩነቱ፣ ድሮ ሹፌሩ የሚጭንብን ቃል ነበር፤ አሁን የሚጭንብን ድብደባ ነው።

የግል መኪናስ? የኔዋ ቪትዝ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ድረስ ነበር። የኛዎቹ ጣቢያዎች ደግሞ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሸገር 102.1 እያሉ ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ መኪናዬ ከእነ ሬዲዮዋ ስትመጣ ሬዲዮዋ ለኔ ደንቆሮ ነበረች። ማያዋ ላይ በጃፓንኛ የሆነ ነገር እየጻፈች ትለምነኛለች፤ እኔም በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ አልተግባባንም። ፋብሪካው በደለኝ ማለቴ አይደለም። ፋብሪካው የሠራው ለሌላ ሰው ጆሮ፣ ለሌላ አገር ጣቢያ፣ ለለስላሳ አስፋልት ነው። ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንደኔ ያለ ሰው አሮጌዋን መኪና አሻሽሎ ከመያዝ በቀር ምርጫ የለውም። ኤሌክትሪኩን መግዛት ለሌላ ኪስ ነው።

እንግዲህ ሳስብበት ከርሜ ወደ ልጁ ሱቅ ተመለስኩ። ልጁ ትዕግሥተኛ ነበርና ተስማማን፤ ሥራውን ከርካሹ ጀምረን ወደ ውዱ እንሄዳለን፣ ጥርት ያለ ዕለት እናቆማለን። ለሚጠቅመው ሰው ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ምንም ሳንገዛ የተዘባረቀውን አስተካከልን። የቀድሞው ባለቤት ባሱን እስከ ጥግ ከፍቶት ነበር፤ ወደ መሐል መለስነው። አንዱ ስፒከር ሽቦው ተገልብጦ ነበር የታሰረው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና ድምፁ ይበላላል፤ እሱን አቃናን። ከዚያ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን፣ የስልክን ድምፅ በኤፍ ኤም ለሬዲዮው የሚያስተላልፈውን ትንሽ ዕቃ ጣልነው። ድምፁን አንዴ ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጦ፣ እንደገና ወደ ድምፅ ሲመልሰው በመሐል የሚያጎድለው ብዙ ነው። በምትኩ የኛን ጣቢያዎች የሚይዝ፣ ፍላሽ የሚቀበል ቀላል ቴፕ አስገባን። በነገራችን ላይ ካሴት ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሰው ግን አሁንም «የመኪና ቴፕ» ነው የሚለው። ቋንቋ ከገበያ ይዘገያል።

ሁለተኛ፣ የፊት በሮቹን ስፒከሮች ቀየርን። የፋብሪካዎቹ ወረቀት ደርቆ ጠርዙ ተሰንጥቋል። የተኩት ባለ ሁለቱ ናቸው፤ መሐላቸው ላይ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ትዊተር የተሰካችባቸው። እዚህ ላይ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። «50 ዋት በአራት» የሚል ቴፕ ሳያቋርጥ የሚሰጠው በእውነቱ ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው፤ የመኪና ባትሪ ከዚህ በላይ አይፈቅድለትም። ደግሞም ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛው ዋት አይደለም፤ በትንሽ ጉልበት ደህና አድርጎ የሚጮህ ስፒከር ነው። ካርቶኑ ላይ ከ90 ዴሲቤል በላይ የሚል ካገኛችሁ፣ 87 ከሚለው ጋር ሲተያይ አምፕሊፋየሩን በነፃ እጥፍ እንዳደረጋችሁት ቁጠሩት።

ሦስተኛ፣ በሩን። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የስፒከር ጀርባ እንደ ፊቱ ድምፅ ያወጣል፤ ግን ተቃራኒውን። በሩ ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። አናጢ ዘንድ ሄደን ከእንጨት ቀለበት አስቆረጥን፤ ስፒከሩ በእሱ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። ቀዳዳዎቹን ደፈንን፤ የበሩን ስስ ቆርቆሮ በሚለጠፍ ወፍራም ንጣፍ አከበድነው። ልጁ ሬንጅ እንቀባ ብሎ ነበር፤ ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ ይሸታል ብዬ ከለከልኩ። ይህን ስናደርግ ሳይጠየቅ ባሱ ራሱ መጣ። «አየህ?» አልኩት። «ባሱ ነበረ፤ መውጫ አጥቶ ነው እንጂ።»

አምፕሊፋየር አልገዛንም። የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር አደራ፦ ከባትሪው የሚነሳው ሽቦ ወፍራም ይሁን፣ ፊውዙም እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን። በፊውዝ የሚቆጥብ ሰው መኪናውን ያቃጥላል። ጠቅላላ ወጪዬ፣ ከእነ እጅ ዋጋው፣ ከአንድ ጎማ ብዙ አልበለጠም።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደደከምኩ ልናገር።

በ1981 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ እናቴ ደብዳቤ ላከችልኝ። መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ የመንደራችንን መምህር ቴፕ ተውሳ፣ ካሴት ላይ ተናግራ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነው የላከችው። ያኔ የብዙ እናቶች ደብዳቤ እንዲህ ነበር። መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ ባትሪው ሊያልቅ በደረሰ ማጫወቻ፣ ስድስት ልጆች እየተንጫጩ ሰማሁት። ሰላምታ፣ የከብቶቹ ሁኔታ፣ የዝናቡ ነገር። ከዚያ ስለ ድንበርተኛችን ልጅ እንዲህ አለች፦ «እሱም እንዳሰበው ባለፈው ሰኔ ከሰሰ። እንግዲህ እግዜር ይርዳው።»

ከቤተሰቡ ጋር በድንበር ነገር ክርክር ነበረን። ስለዚህ አልገረመኝም። «እግዜር ይርዳው» ያለችውንም እንደ ምሬት ወሰድኩት፤ እናቴ ስትቆጣ እንዲያ ነበር የምትናገረው። ክረምት አገር ቤት ስገባም አልጠየቅኳት፤ ቁስል መነካካት መሰለኝ። ሰውየው ኋላ ቄስ ሆነው አየኋቸው። ሰላምታዬን ግን አጠበብኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሌላው ሁሉ ጠጋ ብሎ መስቀላቸውን ሲሳለም፣ እኔ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። እንዲህ ሆነን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖርን። እናቴ ካረፈች ቆየች። ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገልብጬ አንዳንድ ጊዜ መኪናዬ ውስጥ እሰማታለሁ፤ ማለትም ጉርምርምታዋን እሰማለሁ።

ስፒከሩ በተቀየረ በማግስቱ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ ከፈትኩት። እዚያች ቦታ ላይ ደረሰች። «እሱም እንዳሰበው ባለፈው ሰኔ ቀሰሰ። እንግዲህ እግዜር ይርዳው።»

መልሼ አጫወትኩት። ቀሰሰ። ደገምኩት። ቀሰሰ!

አማርኛ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው። «ቀ» እና «ከ»፣ «ጠ» እና «ተ»፣ የሚለያዩት በጉሮሮ በምትፈነዳ አንዲት ቅጽበት ነው። ያቺ ፍንዳታ አጭርና ሹል ናት፤ አብዛኛው ጉልበቷ ከወፍራሙ ድምፅ በላይ ነው ያለው። ደካማ ስፒከር ይውጣታል፤ የተጋነነ ባስ ያፍናታል። ወፍራም ድምፅ ከእሱ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመሸፈን ጠባይ አለውና። ስፒከር ቃል ሲውጥ ዝም ብሎ አያጎድልም፤ ሌላ ቃል ይሰጣል። ክህነት የተቀበለውን ሰው ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ምርቃትን እርግማን ያደርጋል። ቅኔ ሳስተምር ኅብር ቃል እያልኩ ስንት ዘመን ደሰኮርኩ፤ የእናቴን ንግግር ግን ያለ ወርቁ፣ በተሳሳተ ሰም ይዤው ኖሬያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህም ኖሯል።

ጥፋቱን ሁሉ ለስፒከር ልስጥ አልልም። ስፒከሩ ያጎደለውን የሞላው የኔ ጥርጣሬ ነው። ድንበር ላይ ባንጣላ ኖሮ «ከሰሰ» ብዬ አልሰማም ነበር። ሰው ጥርት ያላለ ነገር ሲሰማ በልቡ ባለው ይሞላዋል። ይህ በመኪና ውስጥ ብቻ የሚሆን ነገር ቢሆን ጥሩ ነበር። ጩኸቱ በበዛበት፣ ቃሉ በጠፋበት በዚህ ጊዜ፣ ስንቱ ሰው የቀሰሰውን ከሰሰ እያለ እንደሚቀያየም ማን ያውቃል?

ሄጄ መስቀላቸውን ልሳለም አሰብኩ። ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት የገጠሩ መንገድ ሰው እንዳሻው የሚመላለስበት አልሆነም። ስለዚህ ደወልኩላቸው። የስልኩ ድምፅ የተቆራረጠ ነበር።

«መምሬ፣ ክህነት የተቀበሉት መቼ ነበር?»

«በሰማንያ ነው፣ በሰኔ። ምነው?»

«የለም፣ እንዲያው ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እናትህ ነፍሷን ይማርና ያን ለት ጠላ ጠምቃ መጥታ ነበር» አሉኝ። ይህኛውን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።